ስኒው የሚቀርብበት ሰዓት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)

  የዛሬው የጤና ዝግጅታችን በየቤታችን በየቀኑ ስለሚፈላው ቡናና ሻይ ነው። ጀበናውን ጥዳችሁ የምታዳምጡን ካላችሁ፣ እሳቱን ሳታጠፉ አብራችሁን ቆዩ።

አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣዋለች። ሻይ ደግሞ ከገጠር እስከ ከተማ፣ ከቁርስ ቤት እስከ መሥሪያ ቤት የማይገባበት የለም። ስለዚህ «ቡና ለጤና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። አንዱ «ልብ ያደክማል» ይላል፤ ሌላው «መድኃኒት ነው» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ወገኖች ቡናውን ብቻ ያያሉ፤ እኛ ግን ዛሬ ጠጪውንና ሰዓቱን አብረን እናያለን። የጠጣው ማን ነው? በስንት ሰዓት ጠጣው? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በላዩ ላይ? ምን ያህል ትኩስ ነበር? ስንት ማንኪያ ስኳር ተጨመረበት? ለአንዱ የማይጎዳው ስኒ ሌላውን የሚጎዳው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ምክንያት ነው። በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳውቃችኋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በቡናና በሻይ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች በጣም የታወቀው ካፌይን ነው። ከቡና ፍሬ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ ሲሆን ዘመኑም 1819 ነበር። ካፌይን የሚያነቃን እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ስንሠራና ስናስብ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል። አዴኖሲን በአንጎል ሕዋሳት ላይ የራሱ ማረፊያ አለው፤ እዚያ ሲያርፍ ድካም ይሰማናል፣ እንቅልፍም ይመጣል። ካፌይን ቅርጹ ከአዴኖሲን ጋር ስለሚመሳሰል ማረፊያውን ቀድሞ ይይዝበታል። በዚህ ጊዜ ነቃ እንላለን፤ ድካሙ ግን ከሰውነታችን አልወጣም። አዴኖሲኑም መጠራቀሙን አላቆመም። ካፌይኑ ቦታውን ሲለቅ ድካም በአንድ ጊዜ የሚጫነን ለዚህ ነው።

የጠጣነው ካፌይን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በደማችን ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጉበት ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። በአንድ ጤናማ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ ድረስ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁሉም ሰው ግን እኩል አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቶሎ ያስወግደዋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በምትወስድ ሴት ዘንድ ጊዜው እጥፍ ገደማ ይሆናል። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ደግሞ እስከ 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል።

ይህንን ወደ ሰዓታችን እናምጣው። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሹ ካፌይን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና በደም ውስጥ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንኳ ሩቡ አለ። በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ላይ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታቸው 6 ሰዓት ቀደም ብለው የወሰዱ ሰዎች የእንቅልፍ ጊዜያቸው ከአንድ ሰዓት በላይ አጥሯል። «እኔ ጠጥቼም እተኛለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ካፌይን ግን እንቅልፉ ከመጣም በኋላ ጥልቁን የእንቅልፍ ክፍል ይቀንሳል። ተኝቶ ማደርና አርፎ መነሳት አንድ አይደሉም። ጠዋት ደክሞት የሚነሳ ሰው ድካሙን ለማባረር ቡና ይጨምራል፤ የማታው እንቅልፍም እንደገና ይበላሻል። ይህንን ዑደት የሚያቋርጠው ከሰዓት በኋላ ያለውን ስኒ ማሳነስ ወይም ወደ ጠዋት ማዛወር ነው። ለማኅበራዊ ኑሮ ሲባል ማታ ቡና መቅረቡ ካልቀረ፣ ካፌይን በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ አብዛኛው በአቦሉ ይወጣልና፣ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው አቦሉን ትቶ በረካውን ቢጠጣ ይሻለዋል።

ምን ያህል ነው ልክ? የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ባወጣው ግምገማ መሠረት ጤናማ ጎልማሳ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ቢወስድ ለጤናው አያሰጋውም። አንድ ኩባያ ጥቁር ሻይ ከ40 እስከ 50 ሚሊ ግራም ያህል ይይዛል። በወረቀት ማጣሪያ የተዘጋጀ አንድ ትልቅ ኩባያ ቡና 95 ሚሊ ግራም ያህል አለው። የጀበናችን ቡና እንደ ቡናው ብዛትና እንደ አፈላሉ ይለያያል፤ ስኒያችን ትንሽ ቢሆንም ቡናው ወፍራም ነው። ልብ በኃይል መምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ጭንቀት ከተሰማችሁ ሰውነታችሁ «በቃኝ» እያለ ነውና ቀንሱ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ መልካሙ ዜና እንለፍ። ቡና ለረጅም ዘመን በጥርጣሬ ሲታይ ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1991 ቡና የሽንት ፊኛ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መድቦት ነበር። በ2016 ግን ማስረጃዎቹን ሁሉ እንደገና መርምሮ ከዚያ ዝርዝር አወጣው። በ2017 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ ከ200 በላይ የጥናት ማጠቃለያዎችን አንድ ላይ ያየ ግምገማም በቀን ከሦስት እስከ አራት ኩባያ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ከማይጠጡት ይልቅ በጉበት በሽታ፣ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታና በልብ ሕመም የመጠቃት ዕድላቸው አነስ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ስለ ሻይም እንዲሁ ነው። በ2022 የወጣ፣ በእንግሊዝ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ ጥቁር ሻይ የሚጠጡት የመሞት ዕድላቸው በመጠኑ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝቶታል።

እነዚህ ጥናቶች ግን ሰዎችን በኑሯቸው ላይ እያሉ የተከታተሉ ናቸው። የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ ቡና ስለሚያቆም፣ የጠጪዎቹ ጤና የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቡና የማይጠጣ ሰው ለጤናው ሲል አዲስ ይጀምር የሚል ሐኪም የለም። የሚወደውና የሚስማማው ሰው ግን በልኩ ቢጠጣ የሚያስፈራው ነገር ጥቂት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ አሁን የዛሬው ዝግጅታችን ዋና ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ቡናና ሻይ በምግብ ላይ ሲጠጡ ምን ይሆናል?

ደማችን ኦክስጅን ለመሸከም ብረት የተባለው ማዕድን ያስፈልገዋል። በሥጋ ውስጥ ያለውን ብረት አንጀታችን በቀላሉ ይወስደዋል። በጤፍ፣ በምስር፣ በሽሮ፣ በጎመን ውስጥ ያለውን ግን በችግር ነው የሚወስደው። ቡናና ሻይ ፖሊፊኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው፤ የሻይን አፍ የሚያደርቅ ጣዕም የሚሰጡትም እነርሱ ናቸው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሆድ ውስጥ ከእህልና ከአትክልት የመጣውን ብረት አጥብቀው ይይዙታል፤ ብረቱም ወደ ደም ሳይገባ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ይህን የሚያደርገው ካፌይኑ ስላልሆነ ካፌይን የወጣለት ቡናም ቢሆን ያው ነው።

በ1983 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን በቁጥር አሳይቶታል። ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት በ39 ከመቶ ቀንሶታል። ሻይ ደግሞ በ64 ከመቶ። ተመራማሪዎቹ ሰዓቱንም ቀያይረው ሞክረዋል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲጠጣ ብረቱ ምንም አልቀነሰም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ጎድቷል። ምግቡ በዚያን ጊዜ ገና ሆድ ውስጥ ነውና።

ይህንን ከቤታችን ልማድ ጋር አያይዛችሁ ተመልከቱት። ምሳ ተበልቶ እጅ እንደ ታጠበ ቡናው ይቆላል። ከመቁላቱ እስከ አቦሉ ድረስ ያለው ጊዜ መልካም ነው፤ ሆኖም ብቻውን አይበቃም። በከተማ ደግሞ ያም ጊዜ ቀርቷል፤ ሽሮው ሳይነሳ ማኪያቶው ይታዘዛል። በጾም ወራት ነገሩ ይከብዳል። የኦርቶዶክስ ክርስትና ተከታይ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይጾማል፤ በእነዚያ ቀናት ብረት የሚያገኘው ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት ብቻ ነው። ጾሙ ተፈትቶ በተበላው ምግብ ላይ ወዲያው ቡና ሲከተል ከትንሹ ላይ ይቀነሳል።

የደም ማነስ በአገራችን ትልቅ ችግር ነው። በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉት ሕፃናት 57 ከመቶው፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ደግሞ 24 ከመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ወባ አለ፣ የሆድ ትላትል አለ፣ አራርቆ አለመውለድ አለ፣ የምግብ እጥረትም አለ። ቡናና ሻይ ብቻቸውን ይህንን ሁሉ አላመጡም። ነገር ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ ያለ ምንም ወጪ ዛሬውኑ ልናስተካክለው የምንችለው ይህንን ነው።

እንዴት? ቡናውን ወይም ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት ጠጡት፤ ካልሆነም ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የሚበላበት ቤት ቡናውን 5 ሰዓት ተኩል ላይ ወይም 8 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያደርገው መልካም ነው። ማዕዱ ላይ ደግሞ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ይኑር፤ ሰላጣው ላይ ሎሚ ይጨመቅ፣ ቃሪያና ቲማቲም ይቅረብ፣ ከተገኘም ብርቱካን ይበላ። ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዘዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ምክር ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለሕፃናት ነው።

እናቶች፣ ጤና ጣቢያ የምትቀበሉትን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል በቡና ወይም በሻይ አትዋጡት፤ በንጹሕ ውኃ ዋጡት። በብዙ ቀበሌ የነፍሰ ጡሮች ውይይት የሚካሄደው ቡና ተፈልቶ ነው፤ ይህም እናቶች ተሰባስበው እንዲመካከሩ ያደረገ መልካም ሥራ ነው። እንክብሉን ግን እዚያው ቡናው ላይ ከመዋጥ ለሌላ ሰዓት አቆዩት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይህንን ደጋግማችሁ ብታስታውሷቸው ትልቅ እርዳታ ነው።

የካፌይኑም መጠን በእርግዝና ጊዜ መቀነስ አለበት። የአውሮፓው ባለሥልጣን በቀን ከ200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ባወጣው መመሪያ በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ መክሯል፤ ምክንያቱም ከፍተኛ መጠን ከፅንስ መጨናገፍና ክብደቱ አነስተኛ ልጅ ከመውለድ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ካፌይን በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ ፅንሱ ደግሞ የሚያስወግድበት አቅም የለውም። ስለዚህ እርጉዝ እህት ቤታችሁ ስትመጣ «ሦስተኛውን ካልጠጣሽ» ብላችሁ አታስጨንቋት። አንድ ስኒ ይበቃታል።

ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም፤ ሻይማ ፈጽሞ አይሰጠውም። የአራስ ልጅ ጉበት ካፌይንን ለማስወገድ ቀናት ይፈጅበታል። ከፍ ካለም በኋላ ሻይ በዳቦ የዘወትር ቁርሱ መሆን የለበትም። ሻዩ ሆዱን ይሞላዋል፤ ከዳቦው ያገኝ የነበረውን ብረት ይቀንስበታል፤ ስኳሩ ጥርሱን ያበላሽበታል። ለሕፃናት የካፌይን ልክ ተብሎ የሚጠቀሰው በአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን 45 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህ በአንድ ኩባያ ጥቁር ሻይ ያልቃል። በዳቦው ላይ ከሻይ ይልቅ አጥሚት፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ ከአቅማችሁ ጋር እያያችሁ ስጡት። ትልልቆቹ ቡና ሲጠጡ በረካውን ለልጅ ማቅመስም ቢቀር ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ከስኒው ጋር የሚመጡ ሌሎች ነገሮችን እንመልከት። አንዱ ትኩሳቱ ነው። ቡናን ከካንሰር ዝርዝር ያወጣው የ2016 ግምገማ፣ ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሞቀ ማንኛውም መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያስከትል እንደማይቀር አስታውቋል። ጉዳቱን የሚያመጣው ሙቀቱ ነው፤ መጠጡ ቡናም ሆነ ሻይ ለውጥ የለውም። ይህ ካንሰር ከኢትዮጵያ በኬንያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው የአህጉራችን ምሥራቃዊ ክፍል ይበዛል፤ በአገራችንም የአርሲና የባሌ አካባቢዎች ስማቸው ይነሳል። ስለዚህ ስኒውን በእጃችሁ ይዛችሁ መቆየት ካቃታችሁ፣ ወይም እየማጋችሁ ካልሆነ በቀር መጠጣት ካልቻላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝ።

ሌላው ስኳር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ሦስት ስኒ ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የጠጣ ሰው 24 ግራም ወስዷል፤ የጠዋቱ ሻይ፣ ለስላሳውና ብስኩቱ ገና አልተቆጠሩም።  በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ብትቀንሱ ምላሳችሁ ይለምደዋል። በጨው የምትጠጡም የደም ግፊት ካለባችሁ ጨዉን ተዉት።

ሦስተኛው የአፈላሉ ነገር ነው። በኖርዌይ ትሮምሶ ከተማ የተደረገ ጥናት በ1983 ቡና አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ማለቱን አሳየ። በኋላ እንደ ታወቀው ምክንያቱ ካፌስቶል የተባለ በቡናው ዘይት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ቡናው ተፈልቶ ሳይጣራ ሲቀርብ ካፌስቶል አብሮ ይገባል፤ የወረቀት ማጣሪያ ግን አብዛኛውን ያስቀረዋል። የጀበና ቡናም የሚፈላ ነውና፣ ኮሌስትሮል አለባችሁ የተባላችሁ ሰዎች የስኒውን ብዛት ቀንሱ፤ አተላው እስኪዘቅጥም ታገሡ።

ደግሞም እሳቱ አለ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በዚህ ጋዝ በየዓመቱ በአገራችን ሰው ይሞታል። ቡና ስታፈሉ በርና መስኮት ይከፈት፤ ብርድ ነው ብላችሁ ምድጃውን የምትተኙበት ክፍል ውስጥ አታሳድሩት። ራስ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

(አጭር ሙዚቃ)

«ጨጓራ አለብኝ፣ ቡና ነው ያመጣብኝ» የሚል ብዙ ሰው አለ። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙት የጨጓራ ቁስለት ዋና መንሥኤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን በማሳየታቸው ነው። ሌላው መንሥኤ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶችን አብዝቶ መውሰድ ነው። ቡና ግን የጨጓራን አሲድ ስለሚጨምር ያለውን ሕመም ሊያባብሰውና ቃር ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ቀንሱ፤ ከዚያም ተመርመሩ። ቡና ማቆም ባክቴሪያውን አይገድለውም።

የደም ግፊት ያለባችሁ፣ ከመለካታችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቡናም ሻይም አትጠጡ፤ ካፌይን ለጊዜው ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርግ ልኬቱን ያዛባል። ግፊታችሁ በጣም ከፍተኛ ከሆነ ስለ ቡናው መጠን ሐኪማችሁን አማክሩ። የእንቅርት መድኃኒት የሆነውን ሌቮታይሮክሲን የምትወስዱም መድኃኒቱን ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ውሰዱ፤ ቡናው ቢያንስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይቆይ። አብረው ከተወሰዱ መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም አይገባም።

የቡና ሱስን በተመለከተ፣ ሱስ ያለበት ሰው ቡና ሲቀርበት ራሱን የሚያመው ስንፍና ስለሆነ አይደለም። ካፌይን ሲቋረጥ በአንጎል ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ሕመሙም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና እስከ ዘጠኝ ቀን ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው በጾም መጀመሪያ ቀናትና በረመዳን መግቢያ ራስ ምታት የሚበዛው። ጾም ከመግባቱ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ በየጥቂት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነሳችሁ ሂዱ። በአንድ ቀን ቆርጦ ከመጣል ይህ ይቀላል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

ውድ አድማጮቻችን፣ ቡና መጠጣት ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያገናኝ፣ ያዘነ የሚጽናናበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ልማዳችን ነው። እኛም ልማዱ ጤና ሳይጎዳ እንዲቀጥል እንፈልጋለን። ለዚህ ሳምንት የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ በቤታችሁ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት ወይም ትንሽ ልጅ ካለ፣ ቡናና ሻዩ ከማዕዱ አንድ ሰዓት በፊት ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ እንዲሆን ከቤተሰቡ ጋር ዛሬ ተስማሙ። ለጎረቤታችሁም ንገሩ። የማያቋርጥ ድካም፣ የዓይን ሽፋን መንጣት፣ ትንሽ ሲሠሩ ትንፋሽ ማጠር የሚታይበት ሰው ካለ ደግሞ ሰዓቱን በማስተካከል ብቻ ሳትወሰኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፤ የደም ማነስ በቀላል ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም።

  

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል)